የሚደመጥ ምናሌ፤ ዐይነ ስውራንና የቢሮው ኮምፒዩተር

ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ ወደ ቴፒ የሚጓዝ ሰው የሸኮን ምድር አቋርጦ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና በቅሎ ይታያል። የበበቃና የቴፒ ሰፋፊ የቡና እርሻዎችም የሚገኙት በዚሁ አገር ነው። አካባቢው የታወቀው በቡናው ይሁን እንጂ፣ ቡናው ከቅርንጫፉ ተለቅሞ ከገበያ እስኪደርስ ድረስ ብዙ የማይወራለት ሌላ ሥራ ይከተለዋል፤ ይኸውም የጽሕፈት ሥራ ነው። የለቃሚው ስም፣ የተለቀመው ኪሎ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የመጋዘኑ ገቢና ወጪ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚተላለፈው ደብዳቤ ሁሉ በየፈርጁ ይመዘገባል። ቀድሞ በመዝገብና በጽሕፈት መኪና ይከናወን የነበረው ይህ ተግባር ዛሬ አብዛኛው ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል።

ይህ ለውጥ ለዐይነ ስውር ሠራተኛ ምን አመጣለት? በጽሕፈት መኪና ዘመን ዐይነ ስውር ሰው ቁልፎቹን በጣቱ ለይቶ መጻፍ ቢችልም፣ የጻፈውን መልሶ ለማንበብ የሌላ ሰው ዐይን ያስፈልገው ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ችግር ሊያስወግድ የሚችል መሣሪያ ሆኖ መጣ። ይሁንና ያው መሣሪያ በሩን የከፈተበት ጊዜ እንዳለ ሁሉ የዘጋበትም ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሩ እንዴት እንደተከፈተ፣ በየጊዜውስ ለምን እንደተዘጋ፣ ቁልፉም ዛሬ በማን እጅ እንደሚገኝ በታሪክ ቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። የውጭው ዓለም ዘመናት በእ.ኤ.አ. ተጠቅሰዋል።

በቅድሚያ ስለ ምናሌ ጥቂት ማውሳት ተገቢ ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ደብዳቤ ለመክፈት፣ ለማስቀመጥ፣ ለማተም ወይም ፊደሉን ለማድመቅ የሚያስፈልጉት ትእዛዛት በመስኮቱ አናት ላይ በስም በስማቸው ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ ዝርዝር በአማርኛ ምናሌ ይባላል፤ ቃሉም «ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ ያስታውሰናል። ዐይኑ የሚያይ ጸሐፊ ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ይመለስለታል፤ አንድ ጊዜ ገልመጥ ብሎ ሁሉንም ባንድነት ያያልና። ዐይነ ስውሩ ግን መሣሪያውን መጠየቅ፣ መልሱንም አንድ በአንድ መስማት አለበት። ዐይን በአንድ አፍታ የሚሰበስበውን ጆሮ የሚቀበለው በተራ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ዋናው ነገር ሁለት ነው፤ አንደኛ እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚነገር ስም እንዲኖረው፣ ሁለተኛ ቅደም ተከተሉ ሳይናወጥ እንዲጸና።

ቅደም ተከተልን በጆሮ ተቀብሎ በቃል መያዝ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶቻችን ከንባቡ ጎን የቃል ትምህርት የሚባል አለ፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ በሌሊት ያለ መጽሐፍ፣ መምህሩ ሲያሰሙ ተማሪው እየተቀበለ የሚጠናው ነው። በዚህ ሥርዓት የተማሩ፣ ለመምህርነትም የበቁ ዐይነ ስውራን ሊቃውንት ጥቂቶች አልነበሩም። በኋላም ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል በ19ኛው ምእተ ዓመት የፈለሰፈው የስድስት ነጥብ ጽሕፈት ወደ አገራችን ገብቶ ለአማርኛ ተስማማ። የአማርኛ ብሬል አንድን ፊደል እንዳለ በአንድ ምልክት አይጽፍም፤ ተነባቢውንና አናባቢውን ለያይቶ ተራ በተራ ያስቀምጣቸዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በኮምፒዩተር አማርኛን በድምፅ ለመጻፍ የተዘጋጁት የቁልፍ ሰሌዳዎች የተከተሉት ዘዴ ይህንኑ የሚመስል መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል። የሰበታው መርሐ ዕውራንና ሌሎች ትምህርት ቤቶች በብሬል ያስተማሯቸው ወጣቶች በመምህርነት፣ በሕግ ሙያና በልዩ ልዩ ሥራ ተሰማሩ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ዐይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ተቋቋመ። እንግዲህ ኮምፒዩተር ወደ ቢሮዎቻችን ሲገባ የተማረና የተደራጀ ዐይነ ስውር ዜጋ አስቀድሞ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ሰው አልነበረም፤ የጎደለው የሚናገር መሣሪያ ነበር።

መሣሪያው መናገር የጀመረው በ1980ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ የግል ኮምፒዩተር ገጽ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ 25 መስመር፣ በእያንዳንዱም መስመር 80 ፊደል፣ በጠቅላላው 2,000 የፊደል ቦታ። እያንዳንዱ ፊደል በመሣሪያው ማኅደረ ትውስታ ውስጥ በራሱ መለያ ቁጥር ይቀመጥ ስለነበር፣ አንድ ሌላ ፕሮግራም ያንን እያነበበ ወደ ንግግር መለወጥ ይችል ነበር። በአይቢኤም የምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው ጂም ታቸር ከዐይነ ስውሩ ባልደረባው ከጄሲ ራይት ጋር ሲሠራ ይህን ሐሳብ በተግባር አዋለው፤ ስሙንም «ስክሪን ሪደር»፣ ማለትም የማያ ገጽ አንባቢ አሉት። ይህ ስም በኋላ የመሰል ፕሮግራሞች ሁሉ የወል መጠሪያ ሆነ። ሥራው የተጀመረው አብሮ የሚሠራ ሰው መኖሩን ከማስተዋል መሆኑ ለማንኛውም የሙያ ማኅበር አባል ትምህርት ነው።

በዚያው ዘመን ቴድ ሄንተር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስና የሞተር ብስክሌት ተወዳዳሪ በ1978 በደረሰበት የመኪና አደጋ ዐይኑን አጥቶ ነበር። በ1987 ከቢል ጆይስ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ በ1989 «ጆዝ» የተባለውን የማያ ገጽ አንባቢ አወጣ። የዚያን ጊዜ ምናሌዎች ለጆሮ አመቺ ነበሩ። ሎተስ 1-2-3 በተባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም የእዝባር ምልክት ያለበትን ቁልፍ መጫን ምናሌውን በአንድ መስመር ይዘረጋዋል፤ ቀጥሎ የትእዛዙን የመጀመሪያ ፊደል መምታት ይበቃል። አይቢኤም በ1987 ባወጣው የጋራ ደንብ ደግሞ የተለያዩ ፕሮግራሞች ምናሌያቸውን በተመሳሳይ ሥርዓት እንዲያቀርቡ ተወሰነ። አንዱን የለመደ ጣት ሌላውንም ሳይቸገር ያገኘዋል ማለት ነው።

ይህ ሰላም ብዙ አልቆየም። ሥዕላዊ ገጽና ማውስ የቢሮውን ጠረጴዛ ሲይዙ በገጹ ላይ ፊደል ጠፍቶ ነጠብጣብ ብቻ ቀረ። የአታሚ ሥዕል ለሚያይ ሰው «አትም» ማለት ነው፤ ለማያይ ሰው ግን ከበስተኋላው ቃል ካልተቀመጠለት ምንም ማለት አይደለም። የማያ ገጽ አንባቢ ሠሪዎች መላ ፈለጉ፤ ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን ለመሣል የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ በመንገድ ላይ እየጠለፉ፣ ከገጹ በስተጀርባ ሌላ የማይታይ የጽሑፍ ገጽ ገነቡ። ጆዝ በዚህ መልክ ተዘጋጅቶ ለዊንዶውስ የወጣው በ1995 መጀመሪያ ላይ ነው። ሆኖም በግምት የተገነባ ገጽ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቁጥር ይፈርስ ነበር።

የዘለቀው መፍትሔ የመጣው በ1997 ነው። በዚያ ዓመት ማይክሮሶፍት «አክቲቭ አክሰሲቢሊቲ» የተባለውን ሥርዓት አወጣ። የሥርዓቱ ፍሬ ሐሳብ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ የገጹ ክፍል ሲጠየቅ ስሜ ይህ ነው፣ ሥራዬ ይህ ነው፣ ያለሁበት ሁኔታ ይህ ነው ብሎ እንዲመልስ። ስለዚህ ዐይነ ስውሩ «አልት» የሚባለውን ቁልፍ ሲጫን «የምናሌ መስመር፣ ፋይል» የሚል ድምፅ ይሰማል። የቀኝ ቀስት ወደሚቀጥለው ምናሌ ይወስደዋል፤ የታች ቀስት ምናሌውን ይከፍትለታል። «ክፈት፣ ኮንትሮልና ኦ፤ ከ12 2ኛ» ሲባል የትእዛዙን ስም፣ አቋራጩን፣ የቆመበትንም ቦታ አወቀ ማለት ነው። ትእዛዙ በዚያ ሰዓት የማይሠራ ከሆነ ይነገረዋል፤ በውስጡ ሌላ ምናሌ ካለም ይነገረዋል። ተሳስቶ ከገባ «ኤስኬፕ» የተባለው ቁልፍ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ይህን ሁሉ መስማት አያስፈልገውም፤ በጨለማ የራሱን ቤት እንደሚመላለስ ሰው ጣቱ መንገዱን ያውቀዋልና።

በዚህ ላይ እንዳለ በ2007 መጀመሪያ ታላቅ ለውጥ መጣ። ማይክሮሶፍት ኦፊስ 2007 የቆየውን ተወራራጅ ምናሌ አስወግዶ «ሪባን» በተባለ ሰፊ የትእዛዝ ሰሌዳ ተካው። በዐይኑ ለሚሠራው ሰው ትእዛዛቱ ይበልጥ ጎልተው ታዩ፤ የቀድሞውን ቅደም ተከተል በቃሉ ለያዘው ዐይነ ስውር ግን የለመደው ቤት በአንድ ሌሊት ፈርሶ በሌላ ቅርጽ ተሠራበት። ደግነቱ ሠሪዎቹ የቃሉን መንገድ ፈጽመው አልዘጉትም። «አልት» ሲጫኑ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ መጥሪያ ፊደል አለው፤ በፊደሎቹ ተራ በተራ ወደ ተፈለገው ትእዛዝ መድረስ ይቻላል። ብዙዎቹ ነባር አቋራጮችም ሳይለወጡ ቀሩ። በ2015 በወጣው ኦፊስ 2016 ደግሞ «አልት»ንና «ኪው»ን ባንድነት ተጭኖ የትእዛዙን ስም በመጻፍ ብቻ ማግኘት ተቻለ። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ለጆሮ እጅግ የሚስማማ ነው፤ ዝርዝሩን ሁሉ ከማዳመጥ ይልቅ የሚፈልጉትን በስሙ መጥራት ነውና።

የመሣሪያው ዋጋም ሌላ መሰናክል ነበር። ለንግድ የሚሸጡት የማያ ገጽ አንባቢዎች ዋጋቸው ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ይበልጥ ነበር። ይህ እንኳን ለእኛ በሀብታሞቹም አገሮች ለሚኖሩ ዐይነ ስውራን ከባድ ስለነበር፣ ማይክል ከራን የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት በ2006 «ኤንቪዲኤ» የተባለውን በነፃ የሚታደል ፕሮግራም መሥራት ጀመረ። ሌላው ዐይነ ስውር ጓደኛው ጄምስ ቴህ ተባብሮት በ2007 ሥራውን የሚመራ ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በሚዛን፣ ኮምፒዩተር ያለው ቢሮ ሁሉ ያለ ምንም የግዢ ወጪ የሚናገር መሣሪያ ሊኖረው ይችላል። ገንዘብ የለንም የሚለው ምክንያት በዚህ ረገድ ቀርቷል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ እንግሊዝኛው ምናሌ ነው። የእኛ ቢሮ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረበት፤ ይኸውም የራሳችን ፊደል ጉዳይ ነው። በቀድሞው የኮምፒዩተር ሥርዓት አንድ የፊደል ስብስብ ከ256 በላይ መለያ ሊኖረው አይችልም ነበር። የእኛ ፊደላት፣ ዲቃሎቻቸው፣ አኃዞቻቸውና ሥርዓተ ነጥባቸው ሲደመሩ በዚያ ጠባብ ቦታ አልበቃቸው ስላለ፣ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች በየበኩላቸው ዘዴ ፈጠሩ፤ ለላቲን ፊደላት በተመደቡት ቁጥሮች ላይ የግእዝ ፊደልን ሥዕል አለበሱ። በዚህ ዘዴ አማርኛ በኮምፒዩተር እንዲጻፍ በማድረጋቸው ባለውለታዎቻችን ናቸው። ይሁን እንጂ ገጹ ላይ «ሰላም» ተብሎ የሚታየው ቃል በመሣሪያው ውስጥ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነበር። ዐይን ሥዕሉን ያነባል፤ የማያ ገጽ አንባቢ ግን የሚያነበው ከሥዕሉ በታች ያለውን ነው። ስለዚህ ለተመልካች እጅግ የተዋበ የአማርኛ ደብዳቤ ለአድማጭ ትርጉም የለሽ ጩኸት ሆነ።

መስከረም 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የዩኒኮድ ደረጃ 3.0 ለግእዝ ፊደላት የራሳቸውን ቋሚ መለያ ሰጣቸው። «ሀ» ከዚያ በኋላ በማንኛውም መሣሪያ «ሀ» ናት። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርጽና የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ይዞ ስለመጣ አዲሱ ሥርዓት ወደ ተራው ቢሮ ገባ። ሆኖም በቀድሞው ዘዴ የተጻፈው መዝገብ በየካዝናውና በየዲስኩ ይኖራል፤ በዚያው ዘዴ መጻፍ የቀጠለም ጸሐፊ አልጠፋም።

ፊደሉ መለያውን ካገኘ በኋላ ድምፁ ቀረ። የእንግሊዝኛ ድምፅ ብቻ ያለው የማያ ገጽ አንባቢ አማርኛ ሲገጥመው ወይ በዝምታ ያልፈዋል፣ ወይ የፊደሉን ቁጥር ይቆጥራል። ዛሬ «ኢስፒክ» የተባለው ነፃ የንግግር ፕሮግራም ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ማይክሮሶፍትም አምሃና መቅደስ የተባሉ የአማርኛ ድምፆች አዘጋጅቷል፤ እነዚህ ግን የሚገኙት በኢንተርኔት በኩል ነው። የቀረው ችግር የቋንቋችን ጠባይ ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ ሲጠብቅ ምን ነገር ይገኛል ማለት ነው፤ ሲላላ ደግሞ ምን ተናገረ ማለት ነው። ሰው ከንግግሩ አካሄድ ይለየዋል፤ መሣሪያው ግን ከፊደሉ ብቻ ተነሥቶ ሊለየው አይችልም። ዐይነ ስውሩ አድማጭ እየገመተ ያርመዋል፤ የሚናገርለት ማሽን ፍጹም ሳይሆን ሥራው ፍጹም እንዲሆን ይጠበቅበታል።

ወደ ሸኮ ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠልቃል። የሸኮ ቋንቋ ከኦሞአዊ ቋንቋዎች አንዱ ሲሆን፣ የቋንቋ ሊቃውንት እንዳጠኑት አራት የድምፅ ከፍታ ደረጃዎች አሉት፤ ጎረቤቱ የቤንች ቋንቋ ደግሞ አምስት። አንድ ቃል ከፍ ወይም ዝቅ ተደርጎ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። የአማርኛ ድምፅ የተሰጠው መሣሪያ ይህን ዜማ አያውቀውም። የሌላው ጎረቤት፣ የሜኢኒት ሕዝብ ቋንቋም በግእዝ ፊደል ሲጻፍ በአማርኛ የሌሉ ተጨማሪ ፊደላት ያስፈልጉታል፤ እነዚህም በዩኒኮድ የተመዘገቡት በደረጃ 4.1፣ በ2005 ነው። ከአማርኛው ስድስት ዓመት ያህል ዘግይተዋል ማለት ነው። እነዚህ ፊደላት መለያ ባያገኙ ኖሮ በእነርሱ የተጻፈ ማንኛውም ጽሑፍ ለዐይነ ስውር አንባቢ የቀደመው የአማርኛ ደብዳቤ ዕጣ ይደርሰው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሞ ሚዛን አማንና ቴፒ ከመቀመጫ ከተሞቹ መካከል ሆኑ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱ ከተሞች ያስተምራል። በመሆኑም አንድ የሸኮ ተወላጅ ዐይነ ስውር ወጣት በዚህ አካባቢ የቢሮ ሥራ ቢይዝ፣ በቤቱ ሸኮኛ ይናገራል፤ ደብዳቤውን በአማርኛ ይጽፋል፤ ምናሌውን ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ያዳምጣል። ዐይናማው ባልደረባው ማተሚያውን በሥዕሉ ሲያውቀው እርሱ በባዕድ ቋንቋ ስም መያዝ አለበት። ይህንንም ተሸክሞ ከሌላው እኩል ሊሠራ ይችላል፤ የሚያቅተው ግን ሌላው ሰው ያዘጋጀው ጽሑፍ ሲዘጋበት ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ብቻ እንዳይመስለን በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጤና ጥናት ከመቶ ሰዎች 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውራን፣ 3.7 ያህሉ ደግሞ ዕይታቸው የደከመ መሆኑን አሳይቷል። ሕጉም ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በችሎታው ተወዳድሮ እንዲቀጠር፣ አሠሪውም የሥራውን ሁኔታ እንዲያመቻችለት ያዛል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው ዓለም አቀፍ ስምምነትም የመረጃና የመገናኛ ዘዴዎች ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ እንዲሆኑ ያስገድዳል። ነገር ግን የተቀጠረው ሰው ፊት የሚቀርበው ደብዳቤ የማይነበብ ከሆነ ሕጉ ከበሩ ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው።

በዚህ ላይ የእኛ የባለሙያዎቹ ድርሻ ይመጣል። የምናሌው ታሪክ ያስተማረን አንድ ነገር ቢኖር፣ ሥዕል ባለበት ሁሉ ከበስተኋላው ቃል ይኑር የሚለው ነው። ኩባንያዎቹ ይህን በምናሌው ላይ ለመፈጸም ከ10 ዓመት በላይ ፈጀባቸው። እኛ በየቀኑ በምናዘጋጀው ጽሑፍ ላይ ለመፈጸም ግን አንድ ቀን ይበቃናል። ደብዳቤን በዩኒኮድ ፊደል መጻፍ፤ ርእስን ፊደሉን በማተለቅ ብቻ ሳይሆን በምናሌው ውስጥ በተዘጋጀው የርእስ ቅጥ ማበጀት፤ በጽሑፉ መካከል ለሚገባ ሥዕል አጭር የቃል መግለጫ መስጠት፤ በሰንጠረዥ የመጀመሪያ ረድፍ የየዓምዱን ስም በግልጽ ማስፈር፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቁም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየቢሮው የተለመደ አንድ ልማድ ሊታሰብበት ይገባል። ደብዳቤ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ተፈርሞና ማኅተም ተመትቶበት በስካነር ሲነሣ ፎቶግራፍ ይሆናል፤ በኢሜይል ሲላክ የማያ ገጽ አንባቢው ከባዶ ወረቀት አይለየውም። ማኅተሙ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ከፎቶግራፉ ጋር ዋናውን ጽሑፍ አያይዞ መላክ የሚከለክል ደንብ የለም።

ቀደም ብለን ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ጠይቀን ነበር። ከፊሉ በፕሮግራም ሠሪዎች እጅ ነበር፤ ከፊሉም በፊደል መዝጋቢዎች። እነዚህ አብዛኛውን ሥራቸውን አከናውነዋል፤ ለሸኮና ለጎረቤቶቹ ቋንቋዎች ድምፅ የማበጀቱ ሥራ ግን ለአገራችን ተመራማሪዎች የተተወ ነው። የቀረው ከፊል በእኛ በጸሐፊዎቹ እጅ ይገኛል። ነገ ከመጋዘን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሚዛን የሚላከውን የቡና መዝገብ የሚቀበለው ሠራተኛ ዐይነ ስውር ሊሆን ይችላል። መሣሪያውን ከፍቶ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዲያገኝ ጽሑፉን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ቃልም አድርገን እንላክለት።